ለሁለት ሳምንት በርበሬ

የናዝሬት ሰው ለጫጉላ ላንጋኖ ይሄዳል። ደህና ኪስ ያለው ደግሞ ሐዋሳ ይሄድና ዓሣውን በልቶ፣ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ ፎቶ ተነሥቶ፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ይመለሳል። የእህቴ ልጅ ሀሴት ግን ቪየና ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ያውም በኅዳር መጨረሻ፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው ብርዱን ሸሽተው ወደኛ በሚመጡበት ጊዜ።

"ምን ልታዪ?" አልኳት።

"ቅጠል ሲረግፍ።"

"ለቅጠል መርገፍማ የግቢያችን የኒም ዛፍ አለልሽ። መጥረጊያውን ላቀብልሽ?"

ሳቀች። ስትስቅ ቁርጥ አባቷን ነው የምትመስለው። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙራ አንድ ቢጫ ጎዳና አሳየችኝ። እርጥብ ነው፣ ባዶ ነው፣ ጭጋግ አለው። እንዲህ ያለ ቦታ ሙሽራ ምን ያደርጋል ብዬ ባስብም ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ነገሩን የጀመርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ሀሴት ገና መሐረብ አንገቷ ላይ የሚታሰርላት ልጅ ሳለች፣ ፈተና ሳርም አጠገቤ ቁጭ ብላ የአውሮፓን ካርታ በጣቷ ትከተል ነበር። ዳኑብን በጠመኔ ስስል ኖሬ አንድ ቀን አላየሁትም። እሷ አይታ ብትነግረኝ አልጠላም ነበር።

ግቢው የአባታችን ነው። ከፊት ያለው ቤት የእህቴ የሙሉዬ፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች የእኔ ናቸው። ሙሉዬ ጌታን የተቀበለችው ገና ሳታገባ ነው፤ እኔ ሸዋወርቅ ደግሞ እንደ እናት አባቴ ኦርቶዶክስ ነኝ። በዚህ ምክንያት ተጣልተን አናውቅም፣ የተጣላነው በውሃ ተራና በዶሮዎቿ ነው። በየሐሙሱ ከሥራ መልስ ከቤተክርስቲያኗ የሚመጡ ሰዎች ሳሎኗ ውስጥ ለጸሎት ይሰበሰባሉ። እኔ በፔርሙዝ ሻይ አዘጋጅቼ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ቤት ሲጸለይ ወጥቶ መሄድ ነውር ነው። ብቻ እነሱ ሲጸልዩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እኔ ደግሞ አልለመደብኝም። ስለዚህ በዚያ ቤት ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን የምታየው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ማን ስልኩን ሰርቆ እንደሚያይ፣ ማን እንደሚያንቀላፋ አውቃለሁ።

ሙሽራው ጋሮምሳ ይባላል። የቡልቡላ ልጅ ነው፤ ግብርና ተምሮ መቂ ላይ የቲማቲምና የሽንኩርት ችግኝ እያፈላ ለገበሬ ይሸጣል። ከሀሴት ጋር የተዋወቁት እሷ ለእንግዶች ክፍል በምታስይዝበት ሆቴል ለስብሰባ መጥቶ ነው። ረጅምና ዝምተኛ ነው። በር ላይ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ "አከም ጅርቱ፣ ሃርሜ"፣ እንደምን አሉ እናቴ፣ ሲላት ሙሉዬ ፊቷ ይፈታል። የሠርጉን ቀን ሲቆርጡ "የነቢያት ጾም ሳይገባ ይሁን፣ እትዬ ሸዋወርቅ ሥጋውን እንዲበሉ" ያለው እሱ ነው። ከእነሱ ወገን ጾሙን የሚያስታውስ ሰው አልጠበቅሁም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት።

ጥቅምትን ሙሉ ችግኝ ሽያጭ ላይ ስለሆነ ፋታ የሚያገኘው ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ነው። ሀሴት የምትወደው ቢጫ ቅጠልም የመጨረሻው የሚረግፈው ያን ጊዜ ነው። ሠርጉ በኅዳር መጀመሪያ፣ ጉዞው በመጨረሻው፣ ቆይታው ሁለት ሳምንት። እቅዱ ይኸው ነበር።

ችግሩ በናዝሬት ከተማ ይህን እቅድ የሚያምን ሰው አለመገኘቱ ነው።

"ሁለት ሳምንት?" አለ ማዕዘኑ ላይ ሱቅ ያለው ኑሬ፣ ሳሙና እያቀበለኝ። ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ቀነሰ። "እሺ፣ ሁለት ሳምንት። ፍሪጁን ስትሸጡ ግን ከሰው በፊት ለኔ ንገሩኝ።"

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሀሴትን ጠርቶ፣ ቦታዋን ለእህቱ ልጅ ያዘጋጅ እንደሆነ በትሕትና ጠየቃት። እመለሳለሁ አለችው። ከመቀመጫው ተነሥቶ እጇን ጨበጣት። "ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ፣ እስክትሄጂ አፍሽን ዝጊ" አላት። እመለሳለሁ ባለች ቁጥር ሰው አስተዋይነቷን ያደንቃል። ቤት መጥታ ስትነግረን በሳቅ ሞትን።

ሙሉዬ ግን አልሳቀችም። ሙሉዬ የወለደችው ሁለት ልጅ ነው። ትልቁ ፍሬዘር ለሥልጠና ብሎ፣ ሦስት ሳምንት ብሎ ጀርመን ሄደ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ። ወረቀቱ እስካሁን አልተስተካከለለትም፣ ከአውሮፓ ከወጣ መመለሻ የለውም። እሁድ እሁድ ይደውላል። አባቱ ሲቀበር በስልክ ነው ያለቀሰው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ስልኩን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሀሴት አውሮፓ ስትል ሙሉዬ "መልካም" ብቻ አለች። በሳምንቱ በርበሬ ገዝታ ግቢው ውስጥ አሰጣች። መጀመሪያ ለሠርጉ መስሎኝ ነበር። የሠርጉ ሲፈጭ ሌላ ተሰጣ። ቀንጥሳ፣ ቀምማ፣ አስፈጭታ ስትመጣ አንድ ትልቅ ባልዲ ሙሉ ሆነ።

"ይኼ ለምንድነው?" አለች ሀሴት።

"ለመንገድሽ።"

"ለሁለት ሳምንት ጫጉላ አንድ ባልዲ በርበሬ?"

"ፍሬዘርም አለ።"

ሀሴት ከእናቷ ፊት ቁጢጥ አለች። "እማዬ፣ እኔ ፍሬዘር አይደለሁም። ሁለት ሳምንት ብዬሻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ነው። ሰምተሽኛል?"

"እሺ ልጄ" አለች ሙሉዬ፣ ባልዲውንም መክደኗን አላቆመችም።

እኔ ሀሴትን አመንኳት። ማመን ስለፈለግኩም ነው። እህቴ በእርጅናዋ ሁለቱንም ልጆቿን በስልክ የምታሳድግ ከሆነ፣ እሷን የማያት እኔ ነኝ። ሌላ ጉድጓድ አፍ ላይ ስልክ ይዤ መቆም አልፈልግም ነበር፣ ይኸው ነው።

ነገር የመጣው በነሐሴ በአንዱ ሐሙስ ነው። የቪዛው ጉዳይ የጸሎት ርዕስ ሆኖ ቀረበ። ጸሎቱን የሚመራው ዲበኩሉ ነበር። ዲበኩሉ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና እስከ ዛሬ ከሞተር ድምፅ በላይ ለመሰማት እንደሚታገል ሰው ነው የሚናገረው። ጸሎቱ መልክ አለው፤ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ድምፁ ድንገት ሲወርድ ቤቱ በሙሉ "አሜን" ይላል። ከብዙ ዓመት ሐሙሶች በኋላ እኔም ሻይ መቅዳቱን በእሱ ነው የምለካው።

"አባት ሆይ!" አለ ዲበኩሉ። "የኤምባሲውን ሰዎች ልብ በእጅህ ያዝ! በሩን ክፈት! ልጆችህን በዚያ ምድር ትከላቸው! ሥር ይስደዱ! ወደ ኋላ የሚመልሳቸው ነገር አይኑር!"

ድምፁ ወረደ። "አሜን!" አለ ቤቱ።

ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የጋሮምሳ ድምፅ ነበር። ዝምተኛ ሰው አሜን ሲል ያስደነግጣል። ሙሉዬ እንኳ፣ በገዛ ራሷ ላይ፣ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ አሜን አለች። ሀሴት ግን ዓይኗን ከፈተች። ያገኘችው የእኔን ዓይን ብቻ ነው።

ሰው ከወጣ በኋላ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ አቆመችው። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር፤ የውጭ ቧንቧው እዚያው ስለሆነ ጆሮዬን የት ላድርገው።

"ሰማሁህ" አለችው።

"ምኑን?"

"'ወደ ኋላ የሚመልሳቸው ነገር አይኑር' ሲሉ አሜን አልክ።"

"እንደዛ አሉ እንዴ?"

"ጋሮምሳ!"

"እውነቴን ነው። ጋሽ ዲበኩሉ ሲጸልዩ ማን ቃል በቃል ያዳምጣል? ድምፃቸው ሲወርድ አሜን ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው እንደዛ ነው። እናትሽም ብለዋል እኮ።"

"እናቴ ለሁሉም ነገር አሜን ትላለች። እኔ አንተን ነው የጠየቅኩህ።"

"እኔም መለስኩልሽ።"

አልበቃትም። ላፕቶፑ ተዘጋ። የሆቴል ምርጫው፣ የባቡሩ ሰዓት፣ ከቪየና አለፍ ብላ ያለችው የሐይቅ ከተማ፣ ሁሉም ቆመ። ለጫጉላ የሚዘጋጅ ሰው እንዲያ ፊቱ ሲጠቁር አይቼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን እኔ ክፍል መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሸዋዬ፣ እዚያ ከደረስን በኋላ አንመለስም ቢለኝስ? ባሌ እዚያ፣ እማዬ እዚህ። ምን አደርጋለሁ?"

"እስቲ ይቺን ለኔ ተዪያት" አልኳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኔ ደግሞ ጥርጣሬን ቤት ውስጥ ማሳደር አልወድም።

በማግስቱ ሞጆ ወርጄ የመቂን ሚኒባስ ያዝኩ። መቂ እንደ ወትሮዋ ነበረች፤ ደላሎች ይጮሃሉ፣ አይሱዙ ላይ ሽንኩርት ይጫናል፣ መንገዱ የሽንኩርት ቅርፊት ለብሷል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የጋሮምሳን ቦታ ባጃጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እሱ በመረብ የተጋረደ ችግኝ መሃል የውሃ ጎማ ይዞ ቆሞ ነበር። ሲያየኝ ጎማው ከእጁ ወደቀ።

"እትዬ ሸዋወርቅ! ምነው? ሰው ሞተ?"

"ሽንኩርት ልገዛ ነው የመጣሁት።"

ናዝሬት ሽንኩርት ሞልቶ ተርፎ ሳለ ለምን እንደመጣሁ ገብቶታል፣ ግን ጨዋ ነው። ቦታውን አዞረኝ። አዲስ ያስቆፈረውን ጉድጓድ አሳየኝ። ከቤቱ ደጃፍ ላይ ከጉልበቴ የማይበልጡ ፓፓያዎች በመስመር ተተክለዋል።

"ይኼስ መቼ ነው የሚያፈራው?"

"ውሃ ካገኘ የዛሬ ዓመት ገደማ። ሀሴት ፓፓያ ትወዳለች።"

በዚህ ዕድሜዬ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ስለሚያደክመኝ በቀጥታ ጠየቅሁት። "እዚያ ልትቀር ነው ወይ?"

አልተቆጣም። አንገቱን አከከ። "እዚያ ቀርቼ ምን ልሥራ እትዬ? አፈሩን አላውቀውም።"

"አሜኑስ?"

"እሱ አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።" ጎንበስ ብሎ ጎማውን አነሣ። "እኔን እዚህ ድረስ መጥተው ጠየቁኝ፤ ጥሩ። እሷንስ ጠይቀዋታል?"

"እሷማ የእኔ ልጅ ናት" አልኩት፣ ትንሽም ከፋኝ። አንድ ሳጥን ቲማቲም አሸክሞ ሚኒባስ ድረስ ሸኘኝ።

ቤት ስደርስ እናትና ልጅ እየጠበቁኝ ነበር። "የሚጠፋ ሰው ፓፓያ አይተክልም" አልኳቸውና ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሀሴት እያለቀሰች ሳቀች፣ ወዲያው ወጥታ ደወለችለት። ሙሉዬ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች። ባልዲውን አወረደች። አንድ ኪሎ የሚሆን ጨልፋ ለፍሬዘር በላስቲክ ቋጠረች፤ የቀረውን ከድና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ መለሰችው።

"ይኼ የቤት ነው" አለች። እጇን በመቀነቷ ጠረገችና እዚያው ቆማ ዘመረች። ልጇ ከሄደ ወዲህ ሥራ ላይ ስትዘምር የሰማኋት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ።

ላፕቶፑ ተከፈተ። ፍሬዘር በባቡር መጥቶ ቪየና ላይ ሊያገኛቸው ተስማማ። በመስከረም መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ፤ ኤምባሲው የጋብቻ የምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ሠርጉ ገና ስለሆነ ከፊርማው በኋላ እሱ መቂ፣ እሷ እናቷ ቤት ገቡ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ተራ በተራ ቀረቡ። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነበር፦ ለምን ትመለሳላችሁ? ጋሮምሳ ስልኩን አውጥቶ የችግኞቹን ፎቶ አሳየ። ሀሴት "እናቴ አለች" አለች።

ፓስፖርቶቹ የመጡት ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ነው። የእሷ ላይ ቪዛው ተለጥፏል። የእሱ ውስጥ አንዲት ወረቀት ተጣጥፋ ነበር፤ ወደ አገሩ እንደሚመለስ አላሳመነንም ትላለች።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩና ሳቅኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ለዚያ ሰው ያን ጉድጓድና ያን ፓፓያ ማን ያሳየው? ጋሮምሳ ወረቀቷን ደግሞ አነበባትና እንደነበረች አጣጥፎ ኪሱ ከተታት። "ከእንግዲህ ላንጋኖ ነዋ" አለ።

ሠርጉ እንደ ሠርግ አለፈ። ከቡልቡላ ሽማግሌዎች መጡ፣ ኑሬ ለስላሳውን በሳጥን ተሸክሞ አስገባ፣ እኔ ሥጋውን በላሁ። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ከሙሽራው ጎን ፎቶ የተነሣው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ለሙሽሪት፣ እሱ እየሰማ፣ ትተሽው ሂጂ ይላት ነበር። "አንድ እግር ከገባ ሁለተኛው አይቀርም።" "ሂጂና ትስቢዋለሽ።" "በር አንዴ ነው የሚከፈተው።" የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅማ እንኳን ደስ አለሽ ያላት ለጋብቻው ይሁን ለቪዛው አልገባኝም። ጋሮምሳ ለሁሉም አንገቱን ዝቅ አድርጎ "ገለቶማ" እያለ ያመሰግናል።

"ያለሱ ምን ጫጉላ አለ?" አለች ሀሴት ለመጀመሪያዎቹ። ለመጨረሻዎቹ ፈገግ ብቻ አለች።

ላንጋኖ ሄደው ሦስት ቀን አደሩ። አፍንጫቸው ተልጦ ተመለሱ። እናቷ ቤት መጥተው ሳሉ፣ ምሳ ላይ "ሂጂ" ያላት ራሱ ጋሮምሳ ነው። "ትኬቱ አለ። ወንድምሽን ካየሽው ዘጠኝ ዓመትሽ። ቅጠሉንም እይው። ሁለት ሳምንት ምን አላት?"

"ብቻዬን?"

"እኔ ችግኝ አለብኝ።"

ጥሩ ባል ነው አልኩ በልቤ። ሀሴት እናቷን አየች፣ ሙሉዬ ሳህኗን አየች። "እንግዲያው ለፍሬዘር ስል" አለች ሀሴት። በርበሬው አንድ ኪሎ እንደሆነ ቀረ።

ሻንጣ ስታዘጋጅ አጠገቧ ነበርኩ። ሹራብ፣ ካፖርት፣ ወፍራም ካልሲ። ከሥር ደግሞ እጅጌ ጉርድ ቀሚሶቿን፣ ያንን ቢጫውን ጭምር፣ በጥንቃቄ አጥፋ ደረደረች።

"ቪየና በኅዳር እጅጌ ጉርድ አይለበስም" አልኳት። ያስተማርኩት ነገር ነው።

"ያው ለፎቶ ነው ሸዋዬ" አለች፣ ሳታየኝ። እኔም ተውኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል።

በረራው ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ እንደ ወትሮው ተሰበሰቡ። ሳሎኑ ሞልቶ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ሀሴት መሃል ወንበር ላይ፣ ጋሮምሳ በስተቀኟ፣ ሙሉዬ በስተግራዋ ነበሩ። እኔ ከበሩ አጠገብ ፔርሙዙን ታቅፌ ነበር። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ።

"አባት ሆይ!" ብሎ ጀመረ ዲበኩሉ። ለአውሮፕላኑ ጸለየ። ለአየሩ ጸለየ። ለፍሬዘር ወረቀት ጸለየ። ድምፁ እየወጣ ሄደ።

ጋሮምሳን አየሁት። ከንፈሩን ገጥሞ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ በዚህኛው ቃል በቃል ያዳምጣል። አንዴ የተጠየቀበትን ነገር የሚደግም ሰው አይደለም። ሙሉዬ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባለች።

"ሀሴትን፣ ልጅህን፣ በዚያ ምድር ትከላት! ሥር ትስደድ! ወደ ኋላ የሚመልሳት —"

"አሜን።"

ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ብቻውን ነበር። የዲበኩሉ ድምፅ ገና አልወረደም፤ እንዲያውም ዳገቱ መሃል ላይ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አልጨረሰም። ማርሽ እንደጠፋበት ሾፌር አንድ ጊዜ ያዝ አደረገው፣ ከዚያ እንደምንም ቀጠለ። እውነተኛው አሜን ሲመጣ ቤቱ በሙሉ አለ። ከጋሮምሳ፣ ከሙሉዬና ከእኔ በቀር።

ሀሴት ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ አገጯ ላይ ደርሷል። ራሷን የሰማች አይመስለኝም። ጋሮምሳ ግን ዓይኑን ከፍቶ ያያት ነበር። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፣ ድንጋጤም የለም። የሚያውቀውን ነገር የነገሩት ሰው ይመስላል። ቀና ሲል ከእኔ ጋር ተያየን፤ እሷንስ ጠይቀዋታል ያለኝ ትዝ አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ሞጆ ወርጄ፣ መቂ ድረስ ሄጄ የባዳውን ልጅ ልብ መረመርኩ እንጂ፣ እጄ ላይ ያደገችውን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ሻይ ቀዳሁ። ሰው ጠጣ፣ ሀሴትን አቅፎ ሳመ፣ በሰላም ግቢ እያለ ወጣ። ዲበኩሉ እጇን ሁለቴ ጨብጦ ፊቷን ሳያይ ሄደ። ጋሮምሳ ወንበሮቹን እየሰበሰበ ወደ ግቢ ያወጣ ጀመር።

ሙሉዬ አንድ ወንበር አስቀረች። ቁም ሣጥኑ ሥር አቆመችው፣ ወጣችበት፣ ባልዲውን አወረደች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ክዳኑን ከፈተች።

"ሸዋዬ፣ ላስቲክ ያዥልኝ" አለች።

"እማዬ" አለች ሀሴት ከበሩ። "አንዱ ኪሎ ይበቃል እኮ። ሁለት ሳምንት ነው።"

"እሺ ልጄ" አለች ሙሉዬ፣ መጨለፏንም አላቆመችም።

ላስቲኩን የያዝኩላት እኔ ነኝ።